የፍላሽ ገመድ ሲያስረዝሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጥር ሰርግ ሰሞን ከፒያሳ ስቱዲዮዎች እስከ ወዳጅነት ፓርክ ድረስ ፍላሹን ከካሜራው አውርዶ በጎን ማቆም የሚፈልግ ፎቶ አንሺ ብዙ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ገመድ ግን አጭር ነው፤ የካኖኑ ኦሲ-ኢ3 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የኒኮኑ ኤስሲ-28 ተስቦም 1.5 ሜትር ያህል ነው። ገመዱን ቆርጦ መሀሉ ላይ የኔትዎርክ ኬብል መቀጠል ይቻላል፤ በትክክል ከተሠራ ቲቲኤሉም (ካሜራው የፍላሹን ብርሃን መጠን ራሱ የሚወስንበት ዘዴ) አይጠፋም።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በሽቦ ቀለም መተማመን ነው። የካኖን ፍላሽ እግር አምስት ነጥቦች አሉት፤ የመሀሉ ፍላሹን ያስተኩሳል፣ አራቱ ከካሜራው ጋር መረጃ ይለዋወጣሉ። ግራውንዱ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) የሚያልፈው በጎኑ ብረት ነው። የትኛው ቀለም ወደ የትኛው ነጥብ እንደሚሄድ ከአምራች አምራች ይለያያል። ስለዚህ ገመዱን እንደቆረጡ ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማው ቦታ ላይ አድርገው፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ የሚነሳውን ሽቦ ፈልገው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሁለቱንም ግማሾች ይፈትሹ፤ አንዱን አይቶ ሌላውን መገመት አያዋጣም። ሌሎቹን ሽቦዎች የሚከብ የተጠለፈ ሽቦ ካገኙም መሸፈኛ ነው ብለው አይጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ግራውንዱ እሱ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ ፍላሹ እየተኮሰ ቲቲኤሉ እምቢ ካለ፣ የመሀሉና ግራውንዱ ደህና ናቸው፤ ችግሩን ከመረጃ ሽቦዎቹ ይፈልጉ።

ርዝመቱን በአየር ላይ መለካትም ብዙዎችን ያስቆጫል። ፍላሹ 2.5 ሜትር ርቆ ቢቆም እንኳ ገመዱ ከካሜራው ወደ ወለል 1.5 ሜትር ይወርዳል፣ 2.5 ሜትር መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ከዚያ በስታንዱ 2 ሜትር ይወጣል። ድምሩ 6 ሜትር ነው። በአየር ላይ የተዘረጋ ገመድ ሰርግ ቤት ውስጥ ሰው ይጠልፋል፣ ስታንዱንም ይዞ ይወድቃል። ወለል ላይ ያስኪዱት፣ በስታንዱ እግር ታችኛው ክፍል ላይም ይሰሩት።

መርካቶ ኬብል ሲገዙ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርገው ይዩ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ስታኞ (ለብየዳ የሚቀልጠው ብረት) በደንብ አይዝለትም፣ ቶሎም ይሰበራል። ሙሉ መዳብ ቢሆንም ነጠላ ወፍራም ሽቦ ያለው ለግድግዳ እንጂ በየቀኑ ለሚጠቀለል ገመድ አይሆንም። ቀጫጭን ሽቦዎች ተጠምዝዘው የተሠሩበትን ይምረጡ።

በኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠመዘዙ ናቸው። ሁለት የመረጃ ሽቦዎችን በአንድ ጥንድ አያስኪዱ፤ አንዱ የሌላውን ምልክት ይረብሻል። አራቱን የመረጃ ሽቦዎች በአራቱ ጥንዶች ይከፋፍሉ፤ ከቀሩት አራት ሽቦዎች አንዱን ለመሀሉ ነጥብ፣ የተረፉትን ለግራውንድ ያድርጉ። እያንዳንዱን ብየዳ ለየብቻ ይሸፍኑ፤ ሁሉንም ባንድ ላይ በናስትሮ መጠቅለል ሾርት ይጋብዛል።

ያረጀ ፍላሽ ያላችሁ ደግሞ ገመድ ከማሰባችሁ በፊት ፍላሹን አብርታችሁ በመሀሉ ነጥብና በግራውንዱ መካከል ያለውን ቮልቴጅ ለኩ። አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ያወጣሉ፤ ዲጂታል ካሜራን ለማቃጠል ይበቃል። ፍላሹን ራሱን ግን አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ባትሪው ከወጣ በኋላም 300 ቮልት ገደማ ሊይዝ ይችላል።

ገመዱ እንዲነቀል ብለው ጫፎቹ ላይ የኔትዎርክ ሶኬት ካስገቡ፣ «ለፍላሽ ብቻ» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። አንዳንድ የቢሮ ስዊቾች (ኮምፒውተሮችን በኔትዎርክ የሚያገናኙ ሳጥኖች) በዚያው ቀዳዳ 48 ቮልት ገደማ ለመላክ የተሠሩ ናቸው፤ ካሜራዎ ከስዊች ጋር በምንም መንገድ መገናኘት የለበትም።