ለአዲስ የገጠር ፖስተኛ፦ ደብዳቤው ለምን ጎረቤት ሣጥን ውስጥ ይገባል? (ችግርና መፍትሄ)

ይህ አሜሪካ ውስጥ የገጠር መስመር ለጀመራችሁ፣ በተለይ በአርሲኤነት (በተተኪ የገጠር ፖስተኛነት) ገብታችሁ ቋሚው ፖስተኛ ሲያርፍ መስመሩን ለምትሸፍኑ ነው። ሥልጠናውን ጨርሳችኋል። መሪው በቀኝ የሆነ መኪና መንዳት፣ ስካነር መክፈት፣ ከመኪና ስትወርዱ ሞተር አጥፍቶ ቁልፍ መንቀል ተነግሯችኋል፤ እሱን አልደግምም። እኔ ጋ ለልምምድ የሚመደቡት ልጆች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል በአንድ ችግር ነው የሚቸገሩት፤ ስለዚህ አብዛኛው ጽሑፍ ስለ እሱ ነው።

ምልክት፦ ጠዋቱ ኬዝ ላይ ያልቃል

ኬዝ ማለት ጠዋት ደብዳቤውን በየአድራሻው የምትለዩበት መደርደሪያ ነው። ጠዋቱ እዚያ የሚያልቀው እጃችሁ ዘገምተኛ ስለሆነ አይደለም። ቁጥር ስለምትፈልጉ ነው። መጀመሪያ መንገዱን ፈልጉ፣ ቁጥሩ ከዚያ በኋላ በራሱ ይገኛል። ኬዙ የተሠራው መኪናው በሚሄድበት ቅደም ተከተል ስለሆነ አንድ መንገድ ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሊቀመጥ ይችላል፤ ስትሄዱ ግማሹ፣ ስትመለሱ ቀሪው። የመንገዶቹን ስምና ከየትኛው መደርደሪያ እንደሚጀምሩ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ዓይናችሁ ፊት ለጥፉ። ሳምንት ሳይሞላ ወረቀቱን ማየት ታቆማላችሁ።

ምልክት፦ ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን ይደውላሉ፣ ሁሉም የሌላ ሰው ደብዳቤ ደርሷቸዋል

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ሱፐርቫይዘሩ «ሦስት ስህተት ሠራህ» ይላችኋል። ስህተቱ ግን አንድ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ በአንድ ሣጥን ተንሸራታችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተከትሎ ሄደ። ሸሚዝ ከላይ አንድ ቁልፍ ተዘልሎ ሲቆለፍ እስከ ታች ድረስ እንደሚጣመመው ማለት ነው።

ለምን እንደሚሆን ለመረዳት እጃችሁ ላይ ምን ምን እንዳለ አስቡ። ማሽን በቅደም ተከተል ለይቶ የላከው የዲፒኤስ ትሬይ አለ። ጠዋት በእጃችሁ ኬዝ አድርጋችሁ ያወረዳችሁት ፍላት፣ ማለትም መጽሔቱና ትልልቁ ፖስታ፣ አለ። ለየቤቱ የሚታደል ማስታወቂያ አለ። ከኋላ ፓኬጅ አለ። አራቱ እኩል መራመድ አለባቸው። አንዱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ መንሸራተት ተጀመረ ማለት ነው።

መንስኤዎቹን በማየው ብዛት ልንገራችሁ።

አንደኛው የሣጥኑ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የገጠር ማደል በ1896 በዌስት ቨርጂኒያ ሲጀመር ገበሬው የስብ ባልዲና የሽሮፕ ቆርቆሮ እየሰቀለ ደብዳቤ ይቀበል ነበር። አንዳንዱ ደንበኛ ዛሬም እዚያው ነው ያለው። ቁጥሩ በሣጥኑ መዝጊያ ወይም በባንዲራው (ደንበኛው የሚላክ ደብዳቤ ሲኖረው በሚያነሳው ምልክት) በኩል መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በመኪና ስትመጡ ቀድሞ የሚታያችሁ ባንዲራው ያለበት ጎን ነው። ደንበኛው ግን ከቤቱ ሲወጣ የሚያየው ሌላኛውን ጎን ስለሆነ እዚያ ይጽፈዋል። ከዚህ የባሰው ከዕቃ መሸጫ የሚገዛው ተለጣፊ ቁጥር ነው። አንድ በጋ አይሻገርም። ከ1417 አንዱ 1 ይረግፍና 147 ይሆናል፤ እናንተም «147 የት ነው?» እያላችሁ ኢዲት ቡክ፣ የመስመሩን የአድራሻ መዝገብ፣ ታገላብጣላችሁ። የረገፈ ቁጥር ስታዩ «ሣጥንዎ ጥገና ይፈልጋል» የሚለውን 4056 ቅጽ ሙሉና ተዉለት። ከፍታውም ከመንገዱ ወለል ከ41 እስከ 45 ኢንች፣ ከመንገዱ ጠርዝም ከ6 እስከ 8 ኢንች ገባ ያለ መሆን አለበት፤ ካልሆነ እዚያው ቅጽ ላይ ምልክት አድርጉ።

ሁለተኛው ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ነው። ከተማ የኖረ ሰው ጎዶሎው በአንድ ወገን፣ ሙሉው በሌላው ነው ብሎ ያምናል። ለቤቱ እውነት ነው፣ ለሣጥኑ ግን አይደለም። ብዙ የገጠር መንገድ ላይ እኛ የምናልፈው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ከማዶ ያለው ቤት ሣጥኑን ተሻግሮ በእኛ በኩል ይተክላል። 1420፣ 1423፣ 1431፣ 1428 ተደርድረው ታገኛላችሁ። ቁጥሩ ወደ ኋላ ሲመለስ አትደናገጡ፤ ትክክለኛው ቅደም ተከተል ኬዙ ላይ ያለው ነው።

ሦስተኛው የእኛው የአበሻ ልማድ ነው። አገር ቤት ፖስታ በአብዛኛው ወደ ቤት አይመጣም፣ ሰው የፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ጋ ሄዶ ነው የሚያወጣው። ቤት ደግሞ በምልክት ነው የሚጠቆመው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ አረንጓዴው በር ያለው። ይህ ዓይን መታጠፊያ ለመልመድ ወርቅ ነው። ለሣጥን ግን አደገኛ ነው። ከለማጆቹ አንዱ በጣም ጎበዝ ልጅ ነበር። አንድ ረጅም መንገድ ላይ «ሰማያዊ ጀልባ ያለበት ግቢ» ብሎ ይዟል፤ ከጀልባው ጀምሮ ሣጥኑን ሳያነብ ያድላል፣ ፍጥነቱ የሚያስቀና ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ጀልባውን ጎረቤት ገዝቶት ወደ ራሱ ግቢ ጎትቶታል። መንገዱ እስከሚያልቅ ድረስ ያለው ቤት ሁሉ የጎረቤቱን ደብዳቤ አገኘ። ሰኞ ጠዋት ስልኩ እረፍት አልነበረውም።

አራተኛው ተመሳሳይ የመንገድ ስም ነው። ሠፈሩን የሠራው ሰው ኦክ ሌን፣ ኦክ ኮርት፣ ኦክ ሪጅ ብሎ ይሰይማል፣ ሦስቱም ላይ 114 ቁጥር ይኖራል። ማሽኑ አይሳሳትም ማለት አይደለም፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቁጥር ብቻ የሚያነብ ዓይን ነው።

አምስተኛው ቀላል የሚመስለው ነው። የሚያብረቀርቅ ማስታወቂያ እጥፋት ውስጥ ቀጭን ፖስታ ተሰክቶ ይሄዳል። አውራ ጣታችሁ ሁለቱን እንደ አንድ ያወጣቸዋል።

መፍትሄው የማንበብ ሥርዓት ነው። ሣጥኑ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት የደብዳቤውን አድራሻ፣ መንገዱንም ቁጥሩንም አንብቡ። ስትደርሱ የሣጥኑን ቁጥር አንብቡ። አስገብታችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት ደግሞ ትሬይ ላይ ፊት ለፊት የመጣውን ቀጣዩን ደብዳቤ እዩ። የዚሁ ቤት ከሆነ አልጨረሳችሁም። መጀመሪያ ላይ ያዘገያል፣ ከዚያ ዓይናችሁ ራሱ ያደርገዋል።

ሣጥኖች በአንድ ጣውላ ላይ ተደርድረው በሚቆሙበት ቦታ ሌላ ፈተና ጨምሩ። የመጨረሻውን ሣጥን ስትዘጉ ከፊታችሁ ያለው ደብዳቤ የቀጣዩ መንገድ መሆን አለበት። አሁንም የዚሁ ሰልፍ ደብዳቤ ካለ ተንሸራታችኋል፤ የመጨረሻው ሣጥን ሳይደርስ የሰልፉ ደብዳቤ ካለቀም ተጠራጠሩ። አትሂዱ! ከመጨረሻው ሣጥን ጀምራችሁ ወደ መጀመሪያው እየከፈታችሁ ተመለሱ፤ ስህተቱ የቆመበትን ሣጥን እዚያው ታገኙታላችሁ።

አንዲት እህታችን ይህን ፈተና ሳታደርግ ስድስት ሣጥን የተደረደረበት የኮረት መንገድ አፍ ላይ አልፋ ሄደች። ሁለተኛው ሣጥን የባዶ ቤት ነበር፤ ቁጥር የለው፣ ደብዳቤም አልነበረውም። እሷ ግን የሦስተኛውን ለሁለተኛው ሰጥታ እስከ ስድስተኛው ቀጠለች። ጎረቤቶቹ ደግ ስለነበሩ ማታ ሣጥኑ ጋ ተሰብስበው ደብዳቤ ተለዋወጡ። የሦስተኛው ቤት አዛውንት መድኃኒት ግን ባዶው ቤት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት አደረ። ባዶ ቤት ሰው ስለማይከፍተው ከሁሉም የከፋው እዚያ የሚገባ ስህተት ነው። ኬዙ ላይ ባዶ ቤቶችን በጉልህ ምልክት አድርጉ። በየጊዜውም ቋሚውን ጠይቁ፣ ባዶው ቤት ተከራይቶ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ መስመሩ አለቀ፣ ሁለት ፓኬጅ ግን ከኋላ ቀርቷል

ፓኬጅ ከኋላ ተቀምጦ አይጣራም። ደብዳቤው እጃችሁ ላይ ነው፣ ፓኬጁ ግን በማስታወስ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ለዓይን ምልክት ስጡት። ጠዋት ፓኬጁን ስትለዩ የዚያ ቤት ፍላት ከኬዙ ሲወርድ በጎኑ እንዲቆም አድርጉት፣ ወይም ቢሮው ያለውን የምልክት ካርድ ክተቱበት። ስካነሩ ቁጥር ቢነግራችሁም ቁጥሩን በወፍራም ማርከር ካርቶኑ ላይ ጻፉ፤ በሁለት ጎን፣ ካርቶን ይገለበጣልና። ባርኮዱ ላይ ግን አትጻፉ። ትንንሾቹን ለብቻ ትሬይ ውስጥ በቅደም ተከተል ደርድሩና አጠገባችሁ አስቀምጡ። የሚጠፉት ትልልቆቹ ሳይሆኑ እነሱ ናቸው።

መኪናው ውስጥ ሆናችሁ «ደረሰ» ብላችሁ ስካን አድርጋችሁ ከዚያ ወደ በር አትሂዱ። ስካነሩ የቆማችሁበትን ቦታ ይመዘግባል። ደንበኛው «አልደረሰኝም» ሲል ካርታው ላይ መንገድ ዳር ቆማችሁ ነው የምትታዩት።

ምልክት፦ «ባንዲራውን አንስቼ ነበር፣ ደብዳቤዬን ግን አልወሰዱም»

የዚያ ቀን ለዚያ ሣጥን የሚገባ ነገር አልነበረም፤ ስለዚህ ዓይናችሁ ዘለለው። ሣጥን ባለበት ሁሉ ባንዲራ እዩ፣ የሚሰጥ ይኑርም አይኑር።

ምልክት፦ ስልኩ ካርታ መታጠፊያው ላይ ያሳስታችኋል

ካርታው አጭሩን መንገድ ነው የሚያውቀው፣ የእናንተ መስመር ደግሞ ሆን ተብሎ ረጅም ነው፤ ሁልጊዜ ሣጥኑ በቀኝ እንዲሆን ይዞራል። የራሳችሁን የመታጠፊያ ወረቀት ሥሩ። ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ የሚዞርበት ቦታ፣ መውጫ የሌለው መንገድ ብላችሁ እንደ ተረዳችሁት በአማርኛ ጻፉ፣ ማንም አይታዘባችሁም። የሰዎች ስም አትጻፉበት። መታጠፊያ ካለፋችሁም ወደ ኋላ አትንዱ። ሰፊ ቦታ ድረስ ሂዱና ዙሩ። አዲስ ፖስተኛ መኪና የሚያጋጨው ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ሲነዳ ነው።

ምልክት፦ ደብዳቤው «እዚህ አይኖርም» ተጽፎበት ይመለሳል

ኬዙ ላይ ያለውን የአድራሻ ለውጥ መዝገብ አላያችሁትም። ሰው ሲለቅ አንደኛ ደረጃ ደብዳቤው ለ12 ወር ወደ አዲሱ አድራሻ ይተላለፋል፤ ደብዳቤ አቁሙልኝ ያለ ደግሞ እስከ 30 ቀን ይያዝለታል። ሁለቱንም ጠዋት እዩ፤ መንገድ ላይ ማስታወስ አይቻልም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ተርብ፦ በበጋ ሣጥኑን ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክፈቱ። ጎጆ ካለ ዝጉትና ደብዳቤውን መልሱ።

ውሻ፦ ልቅ ከሆነ ከመኪና አትውረዱ። ለፓኬጁ «መጥተን ነበር» የሚለውን 3849 ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ተዉ፣ ለሚቀጥለው ፖስተኛም ኬዙ ላይ አስታውሱ።

በመኪና የተዘጋ ወይም በበረዶ የተቀበረ ሣጥን፦ ካልደረሳችሁበት አልደረሳችሁበትም። ደብዳቤውን በመስኮት አትወርውሩ፣ በር ሥርም አትክተቱ።

ንፋስ፦ ከመሪው ፊት ባለው ዳሽቦርድ ላይ ልቅ ፖስታ አታስቀምጡ። ሁለቱ መስኮት ተከፍቶ አንዱ ፖስታ ከወጣ እርሻ ለእርሻ ትሮጣላችሁ።

አሮው ቁልፍ፦ የብዙ ቤቶችን ሣጥን በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ቁልፍ ነው፣ ሌቦችም የሚፈልጉት እሱኑ ነው። ቀበቶ ላይ በሰንሰለት እሰሩት። በር ላይ ሰክታችሁ አትሂዱ። ለማንም አታውሱ። ማታ ሳታስረክቡ ቤት ከወሰዳችሁት ነገ ጠዋት ድረስ አትጠብቁ፣ ወዲያውኑ ደውላችሁ ተናገሩ።

የተረፈ ደብዳቤ፦ መስመሩን ጨርሳችሁ ትሬይ ውስጥ የቀረውን መንገድ ዳር ባለው ሰማያዊ ሣጥን ውስጥ አትጣሉ፣ መኪና ውስጥም አታሳድሩት። ቢሮ መልሱና ለምን እንደቀረ ለሱፐርቫይዘሩ ንገሩ። ከዚያም የተረፈውን ደብዳቤ አድራሻ ኬዙ ላይ ፈልጉና ከእሱ በፊት ያለው ሣጥን የማን እንደሆነ እዩ፤ ነገ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።