አሮጌ ጌም ልትገዙ ነው? ካቻቪቴ ይዛችሁ ውጡ

ቴሌግራም ላይ አቧራ የጠጣ ቲቪ ጌም ፎቶ ይለጠፋል። ከሥሩ «ብርቅዬ ዕቃ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። በውስጥ ስትጠይቁ ዋጋው ያስደነግጣል። ሻጩም «ውጭ አገር እኮ በሚሊዮን ነው የሚሸጠው» ይላችኋል። አልዋሸም። በሚሊዮን የሚሸጠው ግን የእሱ ዕቃ አይደለም። ስለዚህ ፒያሳ ሆነ ስታዲየም ዙሪያ ወይም ምናለሽ ተራ ከመውረዳችሁ በፊት እነዚህን ያዙ።

1. ዋጋው ከየት እንደመጣ እወቁ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 አንድ ሱፐር ማሪዮ 64 በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በማግስቱ ወር ደግሞ አንድ ሱፐር ማሪዮ ብሮስ በ2 ሚሊዮን ተሸጠ። ሁለቱም ከነእሽጋቸው ነበሩ፤ ማንም ከፍቶ አልተጫወተባቸውም። ሱፐር ማሪዮ 64 እኮ ከ11 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ጌም ነው። ብርቁ ጌሙ ሳይሆን እሽጉ ነው።

ፒንቦል ላይ (ኳሷን እየመቱ የሚጫወቱበት ትልቁ የጠረጴዛ ማሽን) ነገሩ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ዘ አዳምስ ፋሚሊ የተባለ ማሽን ከ20 ሺህ በላይ ተመርቷል። ለፒንቦል ይህ ትልቅ ቁጥር ነው፤ ሆኖም ዛሬም ውድ ነው። ሰው ስለሚወደው፣ አለቀ። በዚያ ላይ የዘመኑ ትልቅ አምራች ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ፒንቦል መሥራት አቁሟል።

የእኛ አገር ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዕቃው ባለበት ቆሞ በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

2. ኦሪጅናል ነው ወይስ ፎርጂድ?

እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ነው።

ካሴቱ ላይ «9999 በ1» ከተጻፈ ጨዋታው አልቋል፤ የእነ ማሪዮ ሠሪ የጃፓኑ ኒንቴንዶ እንዲህ ያለ ካሴት አልሠራም። ብዙዎቻችን ያደግንበት ዓይነት ቲቪ ጌም ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ቅጂ ነው። ለመጫወት ግሩም ነው፤ በብርቅዬ ዋጋ ግን አይገዛም።

በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ጌም፣ የጌምቦይ አድቫንስ ካሴት ከሆነ መክፈትም አያስፈልግም። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ከታች በኩል ወደ ውስጥ እዩት። ኦሪጅናሉ ላይ ከወርቃማዎቹ ጥርሶች በላይ፣ ቦርዱ ላይ «ኒንቴንዶ» የሚል ደቃቅ ጽሑፍ ይታያል። ሌላውን ካሴት በሻጩ ፈቃድ ክፈቱት። ብዙዎቹ ልዩ ብሎን ስላላቸው ተራ ካቻቪቴ አይፈታቸውም፤ የሞባይል ጠጋኞች ዘንድ ለብሎኑ የሚሆን የካቻቪቴ ጥርስ ጠይቁ። ቦርዱ ላይ እግር ባለው ቺፕ ፋንታ የደረቀ ጥቁር ጠብታ ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎርጂድ ነው። «አይከፈትም» የሚል ሻጭ ዋጋውንም ይቀንስ።

3. ጀርባውን ገልብጡና ቮልቱን አንብቡ

«100-240» ካለ ሰኩት። «120» ወይም «100» ብቻ ካለ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣውን በቀጥታ 220 ላይ የሰካ ሰው ጭስ አይቶ ነው የሚያርፈው።

4. ሱቁ ውስጥ ይሠራ

«ቤት ስትደርሱ ይሠራል» የሚባል ነገር የለም። ቲቪ ላይ አስከፍቱ፣ የጆይስቲኩን ቁልፎች አንድ በአንድ ጫኑ፣ ጥቂት ደቂቃ ተጫወቱ። እምቢ ካለ ሻጩ ካሴቱን አውጥቶ እፍ ማለቱ አይቀርም። ሁላችንም ያደረግነው ነው። የአፍ እርጥበት ግን ጥርሱን ያዝጋል። በአልኮል የራሰ የጆሮ ጥጥ ይሻላል።

አንዳንድ ካሴት የደረሳችሁበትን የሚያስቀምጠው በውስጡ ባለ ክብ ባትሪ ነው። ጌሙን ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ እንደገና አብሩ። ከጠፋ ባትሪው ሞቷል። ባትሪው በብየዳ የተያዘ ስለሆነ የጠጋኝ ዋጋ ቀንሳችሁ ተደራደሩ።

5. ፒንቦል ካማራችሁ

ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። አራተኛ ፎቅ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ፣ በደንብ አስቡበት።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የሚያብረቀርቀውን ፊቱን ተዉትና፣ ከላይ ያለው ሳጥን ተከፍቶ የቦርዱ ፎቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ የዊልያምስ ማሽኖች ቦርድ ላይ ሦስት ተራ ባትሪ ድንጋዮች አሉ። ዓመታት ሲረሱ ያፈሳሉ። አካባቢው አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ከለበሰ ቦርዱ እየተበላ ነው። መለዋወጫው በዶላር እንደሚታሰብ፣ የጉምሩክ ወጪም እንዳለ አትርሱ።

6. ከገዛችሁ በኋላ

የማትጫወቱበት ከሆነ በቀላሉ የሚወጡትን ባትሪዎች አውጡ። ክረምት ሳይገባ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ካርቶኑንና መመሪያውን ደግሞ የቤት ጽዳት ቀን ማንም እንዳይጥለው ተናገሩ። አንዳንዴ ባዶው ካርቶን ከካሴቱ በላይ ያወጣል።