በከተማ መሃል የጥንብ አንሳ ጎጆ ከዓመት ዓመት እንዴት ይቆጠራል?

ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ባለው መንገድ ቀና ብሎ ያየ ሰው ትንሹን ጥንብ አንሳ ያውቀዋል። ፊቱ ላባ የለውም፤ ሲቆጣ ይቀላል፤ ምንቃሩ ቀጭን ነው። በየቀኑ ስለምናየው የሚያልቅ አይመስለንም። ነገር ግን በፈረንጆቹ 2015 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የዓለም አእዋፍ ተርታ ተመድቧል። በ2020 ጊኒ ቢሳው ውስጥ ብቻ ከ2,000 በላይ ጥንብ አንሳዎች በመርዝ አልቀዋል። የኛዎቹ ይብዙ ይነሱ ለማወቅ ጎጆአቸውን በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መንገድ መቁጠር ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቁጥሮቼ ግን ለምንም አልሆኑም። ሌላ ሰው ያን ያህል ጊዜ እንዳያባክን ነው ይህን የምጽፈው።

ዘዴውን የወሰድኩት ከባሕር ወፍ ቆጣሪዎች ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ ጫጩት የሚፈለፍሉትን የባሕር ወፎች በ1969–70፣ በ1985–88፣ በ1998–2002 እና በ2015–21 ቆጥረዋል፤ ሁሉም ዓመታት በፈረንጆች ናቸው። ጎጆ ለሚሠሩት ወፎች መለኪያቸው «የተያዘ የሚመስል ጎጆ» ነው። ጎጆ ሳይሠራ ባዶ ዓለት ላይ እንቁላል የሚጥል ወፍም አላቸው፤ እሱን የሚቆጥሩት ወፉን ራሱን ነው፣ ያውም ከጁን 1 እስከ 21 ባሉት ቀናት፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት። የሚቆጠረው ነገርና የሚቆጠርበት ጊዜ አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ የጎደለኝ ይህ ነበር።

መጀመሪያ ፈቃድ። የቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሆነ አስተዳዳሪውን፣ ትምህርት ቤት ከሆነ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ፤ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀብላችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ያዙ። በመሃል ከተማ ባይኖኩላር ይዞ ቆሞ ወደ ላይ የሚያይ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ወደ መንግሥት ሕንፃዎች በፍጹም አታዙሩት። ከዘበኛው ጋር ተዋወቁ፤ ከማንም በላይ ዛፎቹን የሚያውቀው እሱ ነው።

ቀጥሎ ዛፎቹን ቁጥር ስጧቸው፣ ለእያንዳንዱም መቆሚያ ምረጡ። መቆሚያው የማይነቃነቅ ምልክት ይኑረው፤ «ከደወሉ ቤት ደቡባዊ ጥግ 10 እርምጃ» ዓይነት። ከመቆሚያው በየዓመቱ አንድ ፎቶ አንሱ። ባይኖኩላር 8 በ42 ይበቃል፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። በስልክ ካሜራ እያቀረቡ መቁጠር ግን አልመክርም፤ ጭራሮውንና የተኛውን ወፍ አይለይም። ድሮን ጨርሶ አይታሰብ። ዛፍ ላይ መውጣትም ክልክል ነው። ወፏ ደንግጣ ከተነሣች አጠገቧ የሚጠብቀው ቁራ እንቁላሉን ለመውሰድ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ጥንብ አንሳ ደግሞ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ደረጃ፦ የትኛው ጎጆ ተይዟል? የጥንብ አንሳ ጎጆ የጭራሮ ክምር ነው፤ ባለቤቱ ከተወውም በኋላ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። በሁለተኛው ዓመት እኔ ያየሁትን ክምር ሁሉ ቆጠርኩ። ቁጥሩ ከ5 ወደ 11 ዘለለ፤ ወፎቹ በዙ ብዬ ለብዙ ሰው በደስታ አወራሁ። አንድ ቀን የግቢው ዘበኛ፣ ጋሼ የምላቸው አዛውንት፣ ከጀርባዬ መጥተው ደብተሬን አዩና «ልጄ፣ ይሄኛው እኮ ከአቻምና ጀምሮ ማንም አልገባበትም» አሉኝ። ሌሎቹን አብረን ዞርን። ከ11ዱ አራቱ ባዶ ነበሩ፤ ሁለቱ የጭልፊት ነበሩ። ያን ሁሉ ሰው መልሼ እያገኘሁ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ የጻፍኩት መለኪያ ይህ ነው። ጎጆው ተይዟል የምለው ወፏ ዝቅ ብላ ተኝታበት ካየሁ፣ ወይም ጫጩት ካየሁ፣ ወይም በሁለት የተለያዩ ዙሮች ትልቅ ወፍ ቆሞበት ጠርዙ ላይም ትኩስ ቅጠል ካለ ነው። ጥንብ አንሳ ጎጆዋን በአረንጓዴ ቅጠል ታነጥፋለች፤ ያልጠወለገ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከደረቀው ጭራሮ መሃል ብቅ ብሎ ሲታይ ልብ ያሞቃል። ከሥር ያለ ነጭ ኩስ ብቻውን አይበቃም፤ ማደሪያም ሊሆን ይችላል። ጨርቅና ፌስታልም ማስረጃ አይሆንም፤ ጭልፊት ጎጆዋ ውስጥ ትከታለች፣ ጥንብ አንሳም አልፎ አልፎ ጨርቅ ትጨምራለች። ስለዚህ ወፉን ራሱን ሳታዩ አትወስኑ። የጭልፊት ጅራት ጫፉ መሃሉ ላይ ገባ ያለ ነው፤ የጥንብ አንሳ አጭርና ደልዳላ።

የተኛችው ወፍ ከሥር ስትታይ ከጅራቷ ጫፍ ሌላ ምንም ላይታይ ይችላል። ለአንድ ጎጆ ግማሽ ሰዓት ስጡ። ጓደኛዋ ምግብ ይዞ ሲመጣ ብድግ ትላለች፤ ያኔ ትለያላችሁ። አምስት ደቂቃ አይቶ «ባዶ» ብሎ መጻፍ ስንት ጎጆ እንዳሳጣኝ አሁን ሲገባኝ ያንገበግበኛል።

እንቁላሉ ለመፈልፈል 50 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ጫጩቷም ለመብረር ከ3 ወር በላይ ትቆያለች። ስለዚህ አንድ ዙር አይበቃም። እኔ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየወሩ በ10ኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 4 ሰዓት እዞራለሁ። ሰዓቱን ስትጽፉ ተጠንቀቁ። በአንድ ዓመት ግማሹን በኛ ሰዓት፣ ግማሹን ስልኬ ባሳየኝ በፈረንጅ ሰዓት ጽፌ፣ «8፡00» የሚለው ጠዋት ይሁን ከሰዓት በኋላ መለየት አቃተኝ። ቀኑም እንዲሁ ነው፦ «5/6» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የካቲት 5» በሉ። በእርሳስ ጻፉ፤ የበልግ ዝናብ የስክሪብቶን ቀለም ያጥባል።

ያላያችሁትን ዛፍ ዜሮ አትጻፉበት። ዜሮ ማለት ቆሜ ጠብቄ አጣሁ ማለት ነው፤ በጉም ወይም በተዘጋ በር ምክንያት ካልታየ «አልታየም» ይባል። ዛፍ ሲቆረጥም ከዝርዝሩ አትሰርዙት፣ በሌላም አትተኩት። መሃል ከተማው በፍጥነት እየተቀየረ ነው፤ «ዛፍ ቁጥር 4፣ ተቆርጧል» የሚለው መስመር ራሱ ለወፎቹ ስለሚሆነው ነገር ትልቅ መረጃ ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ሁለት ቁጥር አውጡ፦ ስንት ጎጆ ተያዘ፣ ከስንቱ ጫጩት በረረ። ሁለተኛው አይታለፍ። ጥንብ አንሳ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ፣ ጫጩት መብረር ቢያቆምም ጎጆዎቹ ለዓመታት እንደተያዙ ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ችግሩን ቀድሞ የሚያሳየው የጫጩቱ ቁጥር ነው።

መለኪያውን፣ የመቆሚያዎቹን ካርታና የዙር ቀኖቹን የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍሩ፤ ቅጂውን ሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። ዓምና በጥር ከከተማ ስወጣ ደብተሩን ለእህቴ ልጅ ሰጥቼ ሄድኩ፤ ምንም አላስረዳኋትም። በሳምንቱ ተመልሼ እኔም ዞርኩ። የተለያየነው በዛፍ ቁጥር 9 ብቻ ነበር፤ እኔ ባዶ ብያለሁ፣ እሷ ተይዟል ብላለች። አብረን ሄደን ከደወሉ ቤት ጥግ ቆምን። 25 ደቂቃ አለፈ፤ ከዚያ አንድ ጥንብ አንሳ ከላይ መጥቶ አረፈ፣ ከጭራሮው ውስጥም ቀይ ፊት ቀና አለ።