ብሩ በማን እጅ ዋለ? የገጠር ሴቶችን የማብቃት ፕሮግራም ኑሮን መለወጡን እንዴት እናጥና

በካዛንቺስና በአራት ኪሎ ቢሮዎች የገጠር ሴቶችን ስለማብቃት የሚጻፉ ሪፖርቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ስንት ሴቶች እንደሠለጠኑና ስንት ብር እንደተበደሩ በመዘርዘር ነው። እነዚህ ቁጥሮች ፕሮግራሙ የሠራውን ያሳያሉ፤ የሴቶቹ ኑሮ ተለውጦ እንደሆነ ግን አይናገሩም። አዲስ አበባ ተቀምጦ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ሆነ ስድስት ኪሎ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚሰናዳ ተማሪ፣ የተገኘው ገንዘብ በማን እጅ እንደዋለና ስንት ሰዓት እንደተደከመበት የሚያወጣ ጥያቄ ማዘጋጀት አለበት።

በመጀመሪያ ያለ ባል ቤታቸውን የሚመሩ እማወራዎችንና ባለትዳሮችን ለያይተው ይመዝግቡ። በቢሮ መዝገብ ሁለቱም «ሴት ተጠቃሚ» ተብለው በአንድ ዓምድ ይቀመጣሉ፤ ችግራቸው ግን አይገናኝም። እማወራዋ ስለ ገንዘቧ የምትወስነው ራሷ ናት፤ የሚያንሳት በሬና የሚያርስላት ጉልበት ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ መሬቷን በእኩል ታሳርሳለች፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ብታገኝም ከምርቱ ግማሹ የአራሹ ነው። ባለትዳሯ ብዙ ጊዜ አራሹ በቤቷ አለ፤ ለእርሷ የሚከብደው የውሳኔው ነገር ነው። የሁለቱን አማካይ ወስዶ አንድ ቁጥር የጻፈ ሰው የሁለቱንም ኑሮ ሸፍኗል።

«ገቢሽ ጨምሯል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። እኔ በአንድ ወቅት ያዘጋጀሁት መጠይቅ ይህንኑ ይጠይቅ ነበር፤ ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት «አዎ፣ ተመስገን» ሲሉኝ ምልክት አድርጌ አለፍኩ። ጥያቄው አልቆ ቡና ሲቀርብ ግን «እማማ፣ ባለፈው የሸጡት የእንቁላል ብር ምን ላይ ዋለ?» አልኳቸው። ስኒውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ብሩማ በእጄ አለፈ እንጂ በእጄ አልዋለም» አሉኝ። ባለቤታቸው የማዳበሪያ ዕዳ ከፍለውበት ነበር። ዕዳውን መክፈሉ ለቤቱ ጥፋት አልነበረም፤ ነገር ግን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ የዶሮዎቹ ብድር ደግሞ በእርሳቸው ስም ስለሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበሩ በየወሩ የሚጠብቀው እርሳቸውን ነበር። ያን ቀን የሞላሁትን ቅጽ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ስለ መጨረሻው ሽያጭ ነው፦ ምን ተሸጠ፣ ገበያ ማን ወሰደው፣ ዋጋውን ማን ተስማማ፣ ብሩ ወደ ቤት ከገባ በኋላ የት ተቀመጠ፣ ምን ተገዛበት፣ ከመገዛቱ በፊትስ ማን ከማን ጋር ተማከረ። ሰው አንድ የተወሰነ ቀንን ሲያስታውስ «ተመስገን» ብሎ አይዘጋውም። በብዙ የገጠር አካባቢ እንቁላል፣ ቅቤና የጓሮ አትክልት የሴቷ፣ እህልና የቀንድ ከብት የወንዱ ሽያጭ ተደርገው ይቆጠራሉ። አምስት ዶሮ ሃምሳ ሲሆንና ገዥው በመኪና ደጃፍ ድረስ ሲመጣ ግን ሽያጩ ወደ ባል እጅ የሚዞርበት ጊዜ አለ፤ ሥራው ሲሰፋ ባለቤቱ እንደተለወጠ ማየት የሚቻለው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ወቅቱን ሳያስተውሉ የሚሰበሰብ መረጃ ያሳስታል። ኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ በሚበዛበት አካባቢ በሁዳዴ 55 ቀን እንቁላልና ቅቤ ፈላጊ ያጣሉ፤ ለፋሲካ ደግሞ ዋጋቸው ይወጣል። የመነሻው ጥናት በጾም፣ የማጠቃለያው በበዓል ሰሞን ከተካሄደ ፕሮግራሙ ምንም ሳይሠራ የተሳካ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ዙር በአንድ ዓይነት ወቅት ያድርጉ። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን ስለሚቀይር የወሩ ስም መመሳሰል ብቻውን አይበቃም። ብርን ከብር ጋርም አያወዳድሩ፤ የመነሻው ጊዜ ገቢ በዚያን ጊዜ ገበያ፣ የአሁኑም በአሁኑ ገበያ ስንት ኪሎ በቆሎ ወይም ጤፍ ይገዛ እንደነበር ያስሉ። በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ቤቱ ምን እንደበላ የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ሊቀር አይገባም።

ስለ ጊዜ የሚጠየቀው ከሁሉ ይረሳል፤ እኔ ግን ከገቢው እኩል አየዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው በግብርና የሴቶችን መብቃት የሚለካው መለኪያ ምርትን፣ ሀብትን፣ ገቢን፣ አመራርንና ጊዜን የሚመለከቱ አምስት ዘርፎች አሉት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ የሠራችን ሴት ሥራ እንደበዛባት ይቆጥራል። ይህን ለመጠየቅ «ትናንት ስንት ሰዓት ሠራሽ?» ከማለት ይልቅ ከእንቅልፍ ከተነሳችበት ሰዓት ጀምሮ ቀኑን በቅደም ተከተል እንድትተርክ ማድረግ ይሻላል፤ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ልጅ አዝሎ ማረም አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሥልጠናውና የቁጠባ ስብሰባው በዚህ ሁሉ ላይ የተጨመሩ ከሆነና ከቤት ሥራው የቀነሰላት ሰው ከሌለ፣ የተገኘው ብር ከእንቅልፏ ተቀንሶ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለ መሬት ከመጠየቅዎ በፊት በነጋሪት ጋዜጣ የወጣውን ሕግ ያንብቡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራትና የማስተዳደር፣ በመሬትም ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አድርጓል፤ ይህን አዋጅ በ2016 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 ተክቶታል። መስክ ላይ ግን የሚጠየቀው ስለ አንቀጹ አይደለም፤ የይዞታ ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ፣ የእርሷ ስምና ፎቶ እንዳለበት፣ መሬቱ ሲከራይ እርሷ ፈርማ እንደሆነ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚመረጡት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገቡ ሴቶች ከመንገድና ከገበያ ያላቸው ርቀት ከተሳታፊዎቹ ጋር የተቀራረበ ይሁን። ከቁጠባ ቡድኑ የወጡትንም ፈልገው ያነጋግሩ፤ ስማቸው ከመዝገብ ስለተሰረዘ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ፕሮግራሙ ለማን እንደከበደ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው።

ጠያቂዋ ሴት ብትሆን፣ ባልና አማትም ለብቻቸው በሌላ ሰው ቢጠየቁ መልሱ ይጠራል። ሪፖርቱ ካዛንቺስ ላለው ስብሰባ ከመቅረቡ በፊት ወደ ቀበሌው ይመለሱና የገበያ ቀን ባልሆነ ከሰዓት ሴቶቹን ሰብስበው ውጤቱን በሚገባቸው ቋንቋ ያንብቡላቸው። «ይህስ እንደዚህ አልነበረም» ካሉ ይጻፉት፤ ያሉትም በአባሪ ሳይሆን በዋናው ገጽ፣ ከሠንጠረዡ ሥር ይቀመጥ።