ባስተር ኪተን ብቻውን አልሠራውም፦ ስለ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ሠራተኞች ስንጽፍ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ወጥረን ፊልም አሳየን። የመረጥነው የአሜሪካዊውን የድምፅ አልባ ፊልም ኮሜዲያን የባስተር ኪተንን «ዋን ዊክ» ነበር። ድምፅ የለውም፣ አጭር ነው፣ ልጅም አዋቂም ያስቃል። ለተመልካች የምትታደል አንዲት ገጽ ወረቀት አንተ ጻፍ ተባልኩ። ማን ተወነ፣ ማን አዘጋጀ፣ ማን ቀረጸ፤ ሌላ ነገር የለባትም። ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀቷ ተባዝታ ከታደለች በኋላ ሳያት ስህተቷ አንድ ሁለት አይደለም። አንሶላው ስር ብደበቅ ደስ ባለኝ።

ተመሳሳይ ነገር ልጽፍ ነው የሚል ካለ እነሆ፣ በኔ ይማር።

ጆዎቹን ማምታታት

በኪተን ሰፈር ድንጋይ ቢወረወር ጆ ላይ ነው የሚያርፈው። ባስተር ራሱ የመዝገብ ስሙ ጆሴፍ ፍራንክ ኪተን ነው። አባቱ ጆ ኪተን ነው፤ እሱም በልጁ ፊልሞች ውስጥ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ገንዘቡን የሚያወጣው ጆ ስኬንክ ነው። በኋላ ከቀልድ ጸሐፊዎቹ አንዱ ጆ ሚቸል ሆነ። እንደ ግንብ የገዘፈው ተዋናይ ደግሞ ጆ ሮበርትስ ነው።

«ዋን ዊክ» ውስጥ ፒያኖውን በትከሻው ተሸክሞ የሚመጣው ሮበርትስ ነው። ለሱ ፒያኖው የጤፍ ከረጢት ያህል እንኳ አይከብደውም። ለኪተን ሲያቀብለው ግን ኪተን ከስሩ ተጨፍልቆ ይቀራል። እኔ ታዲያ ፒያኖ ተሸካሚውን «ጆ ኪተን» ብዬ ጽፌዋለሁ። ልጁን በፒያኖ የሚጨፈልቅ አባት አደረግሁት ማለት ነው።

ኤዲዎችም አሉ። ፊልሙን ከኪተን ጋር ጽፎ ያዘጋጀው ኤዲ ክላይን ነው። በ1928 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታችም «በኛ» ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጅ ነው) «ዘ ካሜራማን»ን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፣ ኤድዋርድ ሴጅዊክ። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያ ስም ብቻውን አትጻፉ።

1920ን በኛ አቆጣጠር ማንበብ

ፊልሙ የወጣው በፈረንጅ መስከረም 1 ቀን 1920 ነው። በኛ ነሐሴ 26 ቀን 1912 መሆኑ ነው። እኔ ግን «1920» ብቻ ብዬ አለፍኩ፤ እ.ኤ.አ. የሚለውን ረሳሁት። አንድ ሽማግሌ ወረቀቷን ይዘው መጡና «ልጄ፣ በ1920 እኮ ፊልም መናገር ጀምሯል» አሉኝ። ልክ ናቸው! የአሜሪካን ሲኒማ አፍ ያስፈታው «ዘ ጃዝ ሲንገር» የወጣው በኛ መስከረም 25 ቀን 1920 ነው። ሦስት ፊደል ባለመጻፌ ፊልሙን ወደ ንግግር ዘመን ገፋሁት።

ሌላም የቀን ስህተት አለ። «ዋን ዊክ» ኪተን በራሱ ስቱዲዮ ከሠራቸው አጫጭር ፊልሞች መጀመሪያ ሕዝብ ያየው ነው። መጀመሪያ የተቀረጸው ግን «ዘ ሃይ ሳይን» ነው። ኪተን አልወደደውም፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው፣ የወጣው በ1921 ነው። የሠራተኞቹን ታሪክ በመውጫ ቀን ብቻ የሚከተል ሰው ማን ከማን ቀድሞ እንደሠራ ይሳሳታል።

«አዘጋጅ» የሚለውን ቃል ለሁለት ሰው መስጠት

ይቺ የራሳችን በሽታ ናት። በቴአትርም በፊልምም አዘጋጅ ስንል ዳይሬክተሩን ነው። ግን ፕሮዲውሰሩንም አዘጋጅ የሚል ሞልቷል። ጆ ስኬንክን አዘጋጅ ካላችሁት አንባቢው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ተነሱ፣ ውደቁ» የሚል ሰው ይመስለዋል። ስኬንክ እንዲያ አልነበረም። ብሩን ያወጣል፣ ሽያጩን ይጨርሳል፣ ሥራውን ለኪተን ይተዋል። ለፈጠራ ሰው ከዚህ የተሻለ አለቃ የለም ባይ ነኝ፤ ምንም እንኳ ኪተን የፊልሞቹ ባለቤት ባይሆንም።

ስኬንክን «የኪተን ሚስት እህት ባል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ግን ለዚህ ፊልም አይደርስም። ኪተን ናታሊ ታልማጅን ያገባው በ1921 ነው።

ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ስም እንደ ሙሉ ዝርዝር መቁጠር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። የዛሬ ፊልም ሲያልቅ የሾፌሩም የምግብ አቅራቢውም ስም ይወርዳል። በዚያን ዘመን መክፈቻው ላይ ጥቂት ስም ይታያል፣ ከዚያ ቀልዱ ይጀምራል። ያንን ገልብጦ «ሠራተኞቹ እነዚህ ናቸው» ማለት የሰርግ ድግስ በልቶ ሙሽሮቹን ብቻ እንደማመስገን ነው። ወጥ ቤቱ ተረሳ!

ኪተን ራሱ በዚህ ነገር ቀልዶበታል። በ1921 «ዘ ፕሌይሃውስ» የሚል አጭር ፊልም ሠራ። ቲያትር ቤት ነው። ኦርኬስትራው እሱ፣ መድረክ ላይ ያሉት እሱ፣ ተመልካቹም እሱ። አንዱ ተመልካች የፕሮግራሙን ወረቀት ሲገልጥ ኪተን፣ ኪተን፣ ኪተን እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሰውየው ዞር ብሎ ይሄ ኪተን የሚሉት ሁሉንም ነገር ጠቅልሎ ሳይዘው አልቀረም ይላል። ቀልዱ በየፊልሙ ላይ ስሙን ደጋግሞ በሚያስጽፈው በፕሮዲውሰር ቶማስ ኢንስ ላይ ያነጣጠረ ነበር።

አሁን ካሜራው ጀርባ ያለውን ሰው እዩልኝ። ኤልጂን ሌስሊ ይባላል፤ «ዋን ዊክ»ንም የቀረጸው እሱ ነው። «ዘ ፕሌይሃውስ» ውስጥ ዘጠኝ ኪተኖች በአንድ መስመር የሚታዩበት ቦታ አለ። (ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው ነው፤ የዘመኑ የአሜሪካ መድረክ ነውር ነው፣ ዝም ተብሎ አይታለፍም።) ኮምፒውተር የለም። ሌንሱ ፊት ሳጥን ተገጠመ፣ ሳጥኑ ላይ ዘጠኝ ጠባብ መዝጊያ። አንዱን ይከፍታል፣ ኪተንን ይቀርጻል፣ ይዘጋል። ፊልሙን ወደ ኋላ ያጠነጥናል። ቀጣዩን ይከፍታል። እንዲህ ዘጠኝ ጊዜ፣ በዚያው አንድ ፊልም ላይ።

ካሜራው ሞተር የለውም፣ መዘውሩን የሚያዞረው የሌስሊ እጅ ነው። በአምስተኛው ዙር እጁ ትንሽ ቢፈጥን አምስተኛው ኪተን ከሌሎቹ ቀድሞ ይነሳል፣ ያለፈው ሁሉ ገደል ይገባል። ኪተን እንቅስቃሴውን የሚለካው ባንጆ በሚባል የክር ሙዚቃ መሣሪያ ምት ነበር። ሌስሊ ግን እጁን ነው ያመነው። እኔ ወረቀቷ ላይ ስሙን ጨርሶ አልጻፍኩትም ነበር።

ሌላው የተረሳ ሰው ፍሬድ ጋቡሪ ነው፣ የቴክኒክ ኃላፊው። «ዋን ዊክ» ላይ አዲስ ሙሽሮች ቁጥር በተጻፈባቸው ሳጥኖች የታሸገ ቤት በስጦታ ያገኛሉ። ምቀኛው ቁጥሩን ይለውጥባቸዋል፣ ቤቱ ወልጋዳ ሆኖ ይቆማል። አውሎ ነፋስ ሲመጣ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል። ለዚህ ሲባል ቤቱ የተሠራው በሚሽከረከር መድረክ ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሚደረምሰው ባቡርም እውነተኛ ባቡር ነው፣ መጫወቻ አይደለም። በ1921 «ዘ ቦት» ሲሠራ ደግሞ ጀልባዋ ወደ ውሃ ተንሸራታ ቀጥ ብላ መስመጥ ነበረባት። ብረት ጫኑባት፣ አልሰጠመችም። በሷት፣ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ በገመድ ከውሃው ስር ጎተቷት። ስክሪኑ ላይ የምናየው ጥቂት ሰከንድ ነው፤ ፊቱን ሳይለውጥ አብሯት የሚወርደው ኪተን ስለሆነ ሁሉንም ለሱ እንሰጠዋለን።

«ስታንቱን (አደገኛ ዝላዩንና ውድቀቱን) በሙሉ ራሱ ነው የሠራው»

አብዛኛውን አዎ። «ዋን ዊክ» ላይ ከቤቱ ወድቆ ሰውነቱ አብጦ ነበር። ግን «ኮሌጅ» በሚለው የ1927 ፊልም በምርኩዝ ዘሎ በመስኮት የሚገባው ኪተን አይደለም። የ1924 ኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ ሊ ባርንስ ነው። «በሙሉ» የምትለዋን ቃል አውጡ።

ሙዚቃውን ለዚያ ዘመን ሰው መስጠት

ዩቲዩብ ላይ የምትሰሙት ፒያኖ ኋላ የተጨመረ ነው። በወቅቱ ሙዚቃው የሚመጣው ከየሲኒማ ቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ወይም ኦርኬስትራ ነበር። የአቀናባሪውን ስም ጻፉ፣ ግን ለብቻው፣ ከእነ ሌስሊ መስመር ወጣ አድርጋችሁ።

ከዚሁ ጋር፣ ሰዎቹ እንደ ጉንዳን ሲሯሯጡ አይታችሁ በተዋናዮቹ አትፍረዱ። በእጅ የተቀረጸ ፊልም ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ24 ፍሬም ያነሰ ነው። በዛሬ ፍጥነት ሲለቀቅ ይፈጥናል። ለቀልድ ብለው ሆን ብለው ያፈጠኑትም አለ። ሁለቱን ለመለየት ዝም ብለው የሚራመዱበትን ቦታ ተመልከቱ።

ተዋናይቷን «ሚስቱ» ብሎ ማለፍ

ሲቢል ሲሊ ትባላለች። ኪተን ጋር በአምስት ፊልሞች ሠርታለች። ቨርጂኒያ ፎክስ የምትባለው የኪተን ፊልሞች ተዋናይት ሌላ ሰው ናት፤ ብዙዎች ያምታቷቸዋል። «ዋን ዊክ» ላይ ሲሊ ዳር ቆማ የምታለቅስ ሴት አይደለችም፤ ቤቱን አብራው ነው የምትሠራው።

አንድ ቦታ ገላዋን ስትታጠብ ሳሙናው ከገንዳው ውጭ ይወድቅባታል። ለማንሳት ስትል ወደ ካሜራው ታያለች። በዚህ ጊዜ ከጎን አንድ እጅ መጥቶ ሌንሱን ይሸፍናል። ሳሙናውን አንስታ ስትመለስ እጁ ይነሳል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ወረቀቷን እንደገና ስጽፋት ጓደኛዬ «እጁ የሌስሊ ነው በል» አለኝ። የሌስሊ እጅ መዘውሩ ላይ ነው አልኩት። «ሁለተኛው እጁስ?» አለኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ ከስሞቹ ሁሉ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «እጅ፣ ስሙ ያልተጻፈ»።