የፌት ሲሙሌሽን ያለ ኔትወርክ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ክፍለ ጊዜው መሃል ላይ ኔትወርክ ሲሄድ በመከፈት ላይ ያለ የፌት (PhET) ሲሙሌሽን፣ ማለትም ስክሪን ላይ የሚሠራ የሳይንስ ሙከራ፣ ነጭ ገጽ ሆኖ ይቀራል። ብሮውዘሩ ላይ «ሴቭ» ማድረግ አልፈታውም፤ የሚቀመጠው መግለጫው እንጂ ሲሙሌሽኑ አይደለም። የሠራው በሲሙሌሽኑ ገጽ ላይ ያለውን የማውረጃ ምልክት መንካት ነው። በብሮውዘር የሚከፈት አንድ የኤችቲኤምኤል (HTML) ፋይል ይወርዳል፤ እሱ ብቻውን ይበቃል፣ በፍላሽም በብሉቱዝም ይተላለፋል።

ስልክ ላይ ኮድ ወይም ባዶ ገጽ ካሳየ ጥፋቱ የፋይሉ ሳይሆን የከፈተው አፕ ነው፤ በክሮም ይክፈቱት። በጃቫ የተሠሩት የድሮዎቹ ግን ስልክ ላይ አይሠሩም፣ አይድከሙ።

ክፍል ከመግባትዎ በፊት ኤርፕሌን ሞድ አብርተው ይሞክሩት፦ በኤሌክትሪክ ዑደቱ ሲሙሌሽን የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ያገናኙ። ስክሪኑ ላይ እሳት ከታየ በትክክል ወርዷል (ተማሪዎቹም መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህንኑ ነው)።