«ስለ ባህላችን ጻፉ» ከማለት በፊት፦ እንቆቅልሽ፣ ቡናና ተረት በመጻፍ ክፍለ ጊዜ

የሦስተኛ ክፍል ልጅ «ስለ ገና በዓል ጻፍ» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ገና በአገራችን በደማቅ ሁኔታ ይከበራል» የሚል ነው። ይህ የዜና አንባቢ አነጋገር እንጂ የልጁ አይደለም። ባህል ርዕስ ብቻ ሆኖ ሲሰጠው ልጁ ከሬዲዮ የሰማውን ይደግማል፤ የበዓል ርዕስ ደግሞ በዓሉን የማያከብሩትን ልጆች ባዶ ወረቀት ያስታቅፋል። ይልቅ የሚሻለው ባህሉን የጽሑፍ ቅርጽ አድርጎ መያዝ ነው። ልጁ ፊደል ሳይቆጥር በፊት እንቆቅልሽ ነገርን መግለጽ፣ ቡና ሲፈላ ማየት ቅደም ተከተል፣ ተረት ደግሞ መተረክ አስተምረውታል። የቀረው በጆሮው ያለውን ወደ ወረቀት ማሻገር ነው።

ከዚህ በታች ያለው ከ2ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ልጆች፣ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ እንዲሠራ ታስቦ የቀረበ ነው።

እንቆቅልሽ

ከዚህ ይጀምሩ፤ አጭር ስለሆነ ደካማውም ልጅ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ በቃል ብቻ ያጫውቱ። የሚጠየቀው ወንድ ከሆነ «እንቆቅልህ»፣ ሴት ከሆነች «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ ጠያቂው ወንድ ከሆነ «ምን አውቅልህ»፣ ሴት ከሆነች «ምን አውቅልሽ» ተብሎ ይመለሳል። አራቱንም ሰሌዳ ላይ ይጻፉና በ«ህ» እና በ«ሽ» ሥር ያስምሩ። የጾታ ምዕላድን (ወንድ ወይም ሴት መሆንን የሚያሳየውን የቃል ክፍል) ለማስተማር ከዚህ የቀለለ መንገድ አይገኝም፤ ልጆቹ በአፋቸው አይሳሳቱትም፣ አሁን በዓይናቸው ያዩታል።

ቀጥሎ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» የሚለውን ያቅርቡ። መልሱን ወንዝ ካሉ በኋላ ዋናውን ጥያቄ ይጠይቁ፦ እንቆቅልሹ ወንዙን ሳይጠራ ምኑን ነገረን? ምኑ ነው ያሳሳተን? መሄዱን ነገረን፤ አለመድከሙ ደግሞ የሚሄድ ሰው ወይም እንስሳ አስመስሎ አሳሳተን። አሁን እያንዳንዱ ልጅ በቤቱ ካለ ዕቃ አንዱን መርጦ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አንዱ መልኩን፣ አንዱ ሥራውን፣ ሦስተኛው «ግን» ያለበት ሆኖ የሚያሳስተውን ነገር ይናገራል። የዕቃው ስም ከወረቀቱ ጀርባ ይጻፋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፦ «ከሸክላ ይሠራል። ውሃ ይገባበታል።» ክፍሉ ግማሹ ጀበና፣ ግማሹ እንስራ ይላል። እዚህ ላይ መምህሩ ማረም የለበትም፤ አንባቢዎቹ አርመውታል። ጸሐፊው አንዱን ከሌላው የሚለይ ነገር ፈልጎ ይጨምራል፦ «ይታዘላል፣ ግን አያለቅስም።» ልጁ አንባቢው ያልገባውን አይቶ ጽሑፉን በገዛ እጁ ማስተካከል የሚለምደው በዚህ ነው። ሁሉም ወዲያው ካወቁት ፍንጩ በዝቷል፤ አምስት ልጅ ሞክሮ ማንም ካላወቀው ጎድሏል።

እንስራ አይቶ የማያውቅ የከተማ ልጅ ስለ ጀሪካን ቢጽፍ እሰየው ነው። የሙዚየም ዕቃ ካልሆነ ባህል አይደለም የሚል አስተያየት ልጁን ከማያውቀው ነገር ጋር ያታግለዋል።

ቡና ማፍላት

ይህ ለቅደም ተከተል ጽሑፍ ነው። ልጆቹ ድርጊቱን እያዩ አድገዋል፤ ቃሉም አላቸው፦ ምጣድ፣ ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ጀበና፣ ረከቦት፣ ሲኒ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቃላቱን ከልጆቹ አፍ እየተቀበሉ በሰሌዳው ዳር ይደርድሯቸው፤ ቃል የጠፋበት ልጅ ቀና ብሎ ያያል። ከዚያ «ቡና አፍልቶ ለማያውቅ እንግዳ ጻፉለት» ይበሉ። «ለእንግዳ» የምትለው ቃል ወሳኝ ናት፤ አንባቢው የሚያውቀው ከመሰለው ልጁ ግማሹን ይዘለዋል።

እዚህ ላይ የሚመጣው ትልቁ ችግር አማርኛ ራሱ የሚፈጥረው ነው። ልጁ «እናቴ ቡናውን አጥባ ቆልታ ወቅጣ ጀበናው ውስጥ ጨምራ ጥዳ…» እያለ ገጹን ይጨርሳል፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለም፣ አራት ነጥብም የለም። በንግግር ያምራል፤ በጽሑፍ ግን አንባቢው የሚያርፍበት ያጣል። ደንቡን አጭር ያድርጉት፦ እንደ «አጥባ» ያለ ቃል ከሁለት በላይ አይደርደር፤ ሦስተኛው ግስ ማሰሪያ አንቀጽ ይሁንና አራት ነጥብ ይደረግ። «ቡናውን አጥባ ቆልታ ትወቅጠዋለች። ከዚያ ጀበናውን ትጥዳለች።»

ለመፈተን ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጡ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ እያነበበ የተጻፈውን ብቻ በእጁ ያስመስላል። ውሃ መጨመር ያልጻፈች ልጅ ጀበናዋ ባዶውን ሲጣድ ስታይ ሳቁም እርማቱም አብረው ይመጣሉ።

ቡና የማይፈላበት ቤት ልጅ ካለ ገበጣን ወይም ሰኞ ማክሰኞን ይጻፍ። ገበጣ እንዲያውም የበለጠ ያጽፋል፤ የጉድጓዱና የጠጠሩ ቁጥር ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ልጆቹ መከራከራቸው አይቀርም፣ ክርክሩን የሚፈታው ደግሞ በትክክል የተጻፈ ደንብ ነው።

ተረት

ለዚህ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ከአያት፣ ከእናት ወይም ከጎረቤት አንድ ተረት ሰምቶ እንዲመጣ ይላኩት። ቤት ውስጥ ተረቱን ጻፍ አይባልም፤ እንዳይረሳው አምስት ቃል ብቻ ይዞ ይምጣ። በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ በየሳጥኑ ይሥላል፦ ማን ነበር፣ ምን ፈለገ፣ ምን አገደው፣ መጨረሻው ምን ሆነ። ሥዕሉ 10 ደቂቃ እንዳያልፍ፤ ካለፈ ክፍለ ጊዜው የሥዕል ይሆናል። ከዚያ በየሳጥኑ ሥር ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር። «ተረት ተረት» ብሎ መጀመሩና «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ መዝጋቱ ይፈቀድለት፤ መግቢያና መዝጊያ ፍለጋ እርሳስ ከሚያኝክ ልጅ ላይ ሸክም ያቀልላል።

ተረት ንግግር ይበዛበታል። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ሲነጋገሩ ልጁ ማን ምን እንዳለ ይደባልቀዋል። «ጅቡ አለ» ብሎ ሲጽፍ ጅቡ ተናገረ ነው ወይስ ጅቡ እዚያ ይገኛል? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው አያውቅም። ስለዚህ ትእምርተ ጥቅስን የሚያስተምሩት እዚህ ነው፤ «አለ» ብቻውን ከሚቀመጥም «ሲል መለሰላት»፣ «አለችው» ይሁን። የተነገረውን በቀይ፣ ተራኪውን በሰማያዊ እስክሪብቶ ማስጻፍ ለአንድ ሳምንት ያህል ይረዳል።

ተረቱን ሁሉም የሚያውቁት ከሆነ ልጆቹ አሳጥረው ሦስት መስመር ያደርጉታል። ያን ጊዜ በተረቱ ውስጥ ካሉት እንስሳት በአንዱ፣ ለምሳሌ በአህያዋ አፍ እንዲተረክ ይጠይቁ። በመጨረሻ ምክር እንዲጨምሩ ግን አያስገድዷቸው፤ «ስለዚህ ታዛዥ መሆን አለብን» የሚለው መስመር በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል።

ምሳሌያዊ አነጋገርን ከ4ኛ ክፍል በታች አይስጡ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን አብራሩ ሲባሉ ያንኑ በሌላ ቃል ይደግሙታል። ለ4ኛ ክፍልም ጥያቄው «ይህን ቤታችሁ ውስጥ ማን፣ መቼ፣ ለማን አለው?» ቢሆን ይሻላል።

እርማት

ሁሉንም ስህተት ማረም ልጁን ሁለተኛ እንዳይጽፍ ያደርገዋል። በአንድ ወረቀት ላይ ከሁለት ዓይነት ስህተት በላይ አይንኩ። ቅድሚያ የሚሰጠው ትርጉም ለሚያዛባው ነው፦ «በላ» ለማለት «ብላ» የጻፈ ልጅ ይታረም። የ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ የ«ሰ» እና «ሠ» መቀያየር ለመጨረሻው ቅጂ ይቆይ። «ከ ቤት» ብሎ የለያየውን ግን ቶሎ ያያይዙለት፤ ካደረ ልማድ ይሆናል። ከቤቱ የመጣን የአካባቢ ቃል እንደ ስህተት አይቁጠሩ፤ ልጁ ቃሉን ለማያውቅ አንባቢ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲፈታው ያድርጉ።

60 ልጅ ያለበት ክፍል ከሆነ በቀን የ12 ልጅ ወረቀት ይሰብስቡ፤ በአምስት ቀን ሁሉም ይዳረሳል። የተገለበጡትን መጨረሻ ቅጂዎች በካርቶን ሽፋን ሰፍተው ለታችኛው ክፍል ያውሱ። የእንቆቅልሾቹ መልስ በመጨረሻው ገጽ ላይ ተዘቅዝቆ ይጻፍ።